ፍየሏ ለምን ትንቀጠቀጣለች

የካቲት 2፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የወጥ ቤቱን በር ማጠፊያ አጥብቄያለሁ፣ የቧንቧውን ጎማ ቀይሬያለሁ፣ ባለቤቴንም ሳህን እንዴት እንደሚደረደር አሳይቻታለሁ። የበሩንና የቧንቧውን አመሰገነችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ስሠራ የመጨረሻውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሪና የእግር ክፍል አለቃ ነበርኩ። እግር የምንለው ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ሁሉ ነው። በዚህ ከተማ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አውቶቡስ ካለ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ተንጋዶ የሚሄድ ካለ እኔን አይመለከትም።

የስንብቱ ዕለት ልጆቹ ስጦታ ሰጡኝ። (ጋራዥ ውስጥ ከሃምሳ በታች የሆነ ሁሉ ልጅ ነው፤ ረዳቴ ራሱ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ልጅ ነው።) ካርቶኑን ስከፍተው በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ የምትወጣ መጫወቻ መኪና! ከክንዴ አትበልጥም። "አለቃችን መሪ እንዳይናፍቃቸው ብለን ነው" አለ ረዳቴ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ጎኑ ላለው "በጊዜ መውጣቱ ለሁሉም ጥሩ ነው" ሲል ሰማሁት። ምቀኛ! ጡረታዬ ሳይደርስ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብዬ የወጣሁት ሥራ አስኪያጁ ለምኖኝ ነው። ለወጣቶች ቦታ ይልቀቁላቸው ብሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ ለምኖኝ ነው።

መጫወቻዋን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳት። እዚያው ትክረም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

አወረድኳት። ለማየት ብቻ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ፈተሽኳት። ወይ ጉድ! ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስል ከሻሲዋ ጋር የተያያዘው ከእርሳስ በቀጠኑ ስምንት የፕላስቲክ ዘንጎች ነው። ፕላስቲክ! ጣቴን ሳሳርፍባቸው ይለመጣሉ። የፊት ጎማዋን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ደግሞ ሰርቮ የሚሉት፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል ሞተር ነው። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትንሽ መሪ ወዲህ ስታዞራት ወዲህ ይዞራል፣ ወዲያ ስትላት ወዲያ። አቅም ግን የለውም፤ ጎማው ድንጋይ ሲነካ አቃስቶ ይተወዋል። ይህን የሠራው ሰው በእኔ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ እስከ ምሳ እንኳ አይቆይም ነበር።

ቢሆንም ልብ አላት። የባለቤቴን መጽሐፎች ከምሬላት ሦስተኛው ላይ ወጣች። ስም አወጣሁላት፤ ፍየሏ አልኳት።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ እኔም ስንጣላ ሲስተር እላታለሁ። እሷ ደግሞ ልትቀልድብኝ ስትፈልግ አለቃ ትለኛለች። ዛሬ ሻይ አምጥታ "አለቃ፣ በሁለት እጅህ ያዘው" አለችኝ። በአንድ እጄ ያዝኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"እጅህን ሐኪም ይየው ብዬሃለሁ።"

"ጠረጴዛው ነው። አንድ እግሩ ያጥራል።"

 ጨርቅ አምጥታ ጠረገች። ካርቶን አጥፌ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቅሁ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ለታሪክ እንዲቀመጥ አንድ ነገር ልጻፍ። በጋራዣችን ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈች የእኔ ሕግ ነበረች፦ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ሹፌር ቀይር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሹፌር መሪዬ ወደ ግራ ይጎትታል እያለ ወር ሙሉ አቃጠለን። ልጆቹ ዘንጉን ቀየሩ፣ ኩሽኔታውን ቀየሩ፣ ጎማውን ቀየሩ። ይጎትታል! እኔ ዘንድ መጣ። ቁልፍ አላነሳሁም፤ ሌላ ሹፌር አስቀመጥኩበት። አውቶቡሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ለካ ሰውዬው ሁልጊዜ ግራ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው! መኪና አይዋሽም፣ ሹፌር ነው የሚዋሽ። እያወቀ ነው አላልኩም፤ ራሱንም ይዋሻል። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዛሬም ልጀምርላት ስል እሷው ጨረሰችው።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ከከተማው ዳር የተተወ የድንጋይ ካባ አለ፤ ባለ መጫወቻ መኪናዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይሰበሰባሉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ኧረ እንዲያውም የተከበሩ። አውራቸው የጥርስ ሐኪም ነው። እጁን ሳየው ቀናሁ ማለት አልችልም፤ ታዘብኩት ልበል። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ እያወራ ያያይዛል።

ፍየሏ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተገለበጠች። "ጋሼ" አለኝ የጥርስ ሐኪሙ፣ "ዘንጎቿን በብረት፣ ሰርቮዋንም በጠንካራ ቢቀይሯት የት በደረሰች!" መጋቢት 26 ውድድር አለ፤ በድንጋዩ መሀል አሥር በር በእንጨት ተተክሎ፣ እንጨት ሳይነኩ ማለፍ ነው። ተመዘገብኩ። የመሪና የእግር ክፍል አለቃ ሆኜ በመሪና በእግር ልረታ? በሕልማቸው!

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

የብረት ዘንጎቹ መጡ። ብሎኖቹን የሠሩት ለጉንዳን ነው። ስድስቱ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል አፍስሼ በጉልበቴ ስለቅም ዋልኩ። አንዱ እስካሁን አልተገኘም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ስምንቱን ዘንግ ገጠምኩ። ጠዋት ጀምሬ ከምሳ በኋላ አለቀ። ድሮ በዚህ ያህል ጊዜ የአንድ አውቶቡስ እግር ፈትቼ እገጥም ነበር። ሦስተኛው ላይ ብሎኑን አጣምሜ አስገብቼ ጥርሱን በላሁት፤ ካቻቪቴው ዱልዱም ስለሆነ ነው። አዲስ ካቻቪቴ ገዛሁ። አራተኛውንም በላሁት። የዛሬ ዕቃ ደግሞ ምን ዕቃ አለው?

ያ ብሎን ትዝ አለኝ። አምና ከዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ መሪ ሥር በእጅ ብቻ የተነካካ፣ ያልጠበቀ ብሎን ተገኘ። ደግነቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የታየው። የሥራ ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር። ቢሆንም የበታች ስህተት የበታች ነው፤ ለረዳቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ፈርሞ ተቀበለ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያጠፋ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ካባው። ፍየሏ ጠንክራለች፤ ድንጋይ ስትረግጥ እግሯ አይለመጥም። ግን አንድ ነገር አየሁ። ቀጥ አድርጌ ስይዛት የፊት ጎማዎቿ ይንቀጠቀጣሉ። ትንሽ ነው። ብርድ እንደያዘው ሰው።

ምክንያቱ ለባለሙያ ግልጽ ነው። ፕላስቲኩ ልቅ ስለነበር የሰርቮውን ድክመት ይሸፍንለት ነበር፤ ብረቱ አጋለጠው። ሰርቮው ይቀየራል።

የካቲት 23፣ ሰኞ

በየጠዋቱ ባለቤቴን ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በአሮጌዋ ፒክአፓችን። ሰሞኑን ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ጨብጣ ነው የምትሄደው። ዛሬ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ "ከዛሬ ጀምሮ በአውቶቡስ ብሄድ ይሻለኛል፤ እግሬን ላፍታታ" አለችኝ።

"አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠሽ ነው እግር የምታፍታቺው?"

"ማቆሚያው ድረስ እራመዳለሁ።"

ሄደች። ደሜ ፈላ። ለነገሩ የመንጃ ፈቃድ አላት፤ ከሃያ ዓመት በፊት አውጥታለች። አንድ ቀን ይዣት ወጥቼ ነበር። ስለ ማርሽ አያያዟ ጥቂት ምክር ስሰጣት መሀል መንገድ ላይ አቁማ ወርዳ በእግሯ ቤት ገባች። ጩኸት ትለዋለች፤ እኔ ምክር ነው የምለው። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጣ አታውቅም።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

አዲሱ ሰርቮ ገባ። የአሮጌውን አራት እጥፍ ጉልበት አለው፤ ጥርሱም ብረት ነው። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። አበራኋት። መሪዋን ያዝኩ።

ባሰባት።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ባትሪ ቀየርኩ። ያው።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ሽቦውን ከሞተሩ አራቅሁ። ያው ናት። ጎማዎቹን ፈትቼ ገጠምኩ። ያው። ብዕሬም ዛሬ እምቢ አለኝ፤ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆኗል። ብዕር ይገዛ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ሰርቮውን የሸጠልኝ ባለ መነጽር ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ፤ እኔን ሽማግሌ ብሎ ብልሽ ዕቃ አስታቅፎኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ከራሱ ሪሞት ጋር አያይዞ ፈተሸው። ቀጥ! አንዲት ፀጉር አልተነቃነቀም። "ጋሼ፣ ጥሩ ሰርቮ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርግ፤ ከራሱ አይጨምርም። ደካማው ነው ትንሽ ትንሹን ትእዛዝ ሳይፈጽም የሚያልፈው" አለኝ።

"እንግዲያው የኔ ሪሞት ነው የተበላሸው" አልኩት።

ሪሞቴን ለማየት እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ሌላ፣ ከዚያ የበለጠ ሰርቮና አዲስ ሪሞት ይዤ ወጣሁ። በሕይወቴ መሣሪያዬን ለሰው አስነክቼ አላውቅም።

መጋቢት 6፣ እሑድ

በአዲሱ ሰርቮ፣ በአዲሱ ሪሞት። ከሁሉ የባሰ። በተሻሻለች ቁጥር የሚብስባት ነገር በሠላሳ አራት ዓመት አይቼ አላውቅም! ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። ፍየሏን አልነበረም የምታየው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ገበያ ደርሼ ስመለስ ፍየሏ ያስቀመጥኳት ቦታ የለችም። ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በመሀላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ። ባትሪዋን ስነካው ይሞቃል።

"ነክተሻታል?"

"አቧራ ስጠርግ ነው።"

ዓይኗ ቀልቷል። ምነው ስላት ሽንኩርት ከተፍኩ አለችኝ። ወጥ ቤት ገባሁ። መክተፊያው ደረቅ ነው፣ ሽንኩርትም በቤቱ የለም። ድካም ይሆናል። የሆስፒታል ሥራ ይበላል፤ አውቶቡሱም አለ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ካባው። ሁለተኛው በር ላይ እንጨት ነካሁ። የጥርስ ሐኪሙ ቀረብ ብሎ "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እኔ ልሞክርልዎት?" አለኝ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! "ሪሞቴን ለማንም አልሰጥም" አልኩት። እሺ ብሎ ተመለሰ። ወደ ጓደኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ "ከሰርቮው አይደለም" ሲል ሰማሁ። ታዲያ ከምን ሊሆን ነው? እሱ እኮ ጥርስ ነቃይ ነው፤ ስለ መሪ ማን ነገረው?

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ፒክአፗን ሳስገባ የግቢውን በር ምሰሶ ገጨሁ። ምሰሶው ድሮም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። መብራቷ ተሰበረ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ አየችው፤ ስለ ምሰሶው ማስረዳት ጀመርኩ። ቦርሳዋን እንዳነገተች ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

"እፈራለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"አንተ ስትነዳ እፈራለሁ። ከእኔ ጋር ስትሆን ለራሴ እፈራለሁ። ብቻህን ስትወጣ ላንተ እፈራለሁ። መንገድ ላይ ልጅ አለ፣ ሰው አለ። ሥራ ላይ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ሰው በቃሬዛ በገባ ቁጥር ፊቱን ሳላይ አልቀመጥም።"

"ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ይዤ..."

"እጅህን ነው የምልህ! ሙያህን አይደለም።"

ተነሥቼ ወጣሁ። ፍየሏ ዘንድ ሄድኩ። ምንም አልሠራሁላትም፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

አልተነጋገርንም። ፒክአፗን ግን አላስነሣኋትም። መብራቷ ስለተሰበረ ነው።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ውድድሩ አምስት ቀን ቀረው። ሁሉን ብሎን በሙጫ አጠበቅሁ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ካርቶን አራት ሆኗል፤ አሁን በሌላ በኩል ያነክሳል። ረዳቴ ደወለ፤ "አለቃ፣ እንዴት ነዎት? መጫወቻዋስ?" አለኝ። ጋራዡ እንዴት ሆነ ስለው "ደህና ነው፣ አሁን ትንሽ ሥራ ቀሎኛል" አለኝ። እኔ ከሄድኩ ሥራ የሚቀለው በምን ሒሳብ ነው?

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ይህን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሳልረሳው፣ ሳላሳምረውም እጽፋለሁ።

ካባው ሰው ሞልቶታል። ተራዬ ሰባተኛ ነበር። አንደኛውን በር አለፍኩ። ሁለተኛውን እንጨቱን በትንፋሽ ርቀት ስቼ አለፍኩ። ሦስተኛውንም አለፍኩ። አራተኛው በር ከሁሉ ይጠባል፣ ከጎኑም ገደል ብጤ አለ። ፍየሏ እዚያ ስትደርስ የፊት ጎማዎቿ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ቀጥ በይ አልኳት፣ በአፌ። እንጨቱን መታች፣ ተንሸራተተች፣ ሁለቴ ተገልብጣ ከሥር አረፈች።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ዕድል አለ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወርጄ አንሥቻት መነሻው ላይ አቆምኳት። ሪሞቱን ስይዝ አውራ ጣቴ ለብቻዋ ስትዘል አየኋት። በሌላው እጄ ሸፈንኳት።

"አለቃ።"

ዞር አልኩ። ባለቤቴ ናት፤ ነጭ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ።

"በምን መጣሽ?"

"በዘጠኝ ቁጥር። ቀጥ ብሎ ነው የመጣው።" ወደ ፍየሏ አየች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሹፌር መሪዬ ይንቀጠቀጣል ብሎ ሲመጣብህ መጀመሪያ የምታደርገው ምን ነበር?"

መልሱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት በእያንዳንዱ ራት ላይ ሰምታዋለች!

"ሹፌር እቀይራለሁ" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት።

እጇን ዘረጋች። እጇ ላይ ያለው ትንሽ ጠባሳ፣ ጥፍሮቿ አጠር ብለው መቆረጣቸው፣ ሁሉ ታየኝ። የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ድንጋዩ አዞረ፣ እግዜር ይስጠው። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ መሣሪያዬን ለሰው ሰጠሁ።

ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ መርፌ እንደምትወጋ ሰው ዝግ ብላ ነዳች። የፊት ጎማዎቹ ጸጥ አሉ። ያው ሰርቮ፣ ያው ዘንግ፣ እኔ ጥርሳቸውን የበላኋቸው ያው ብሎኖች! አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው በር ላይ እንጨቶቹ መሀል እንደ ክር ገባች። ሰው አጨበጨበ። ስምንተኛው ላይ ወደኋላ መመለሻውን ስላላወቀችው እንጨት ጣለች፤ "ውይ!" አለች፣ እንደ ልጅ ሣቀችም።

"መቼ ተማርሽ?"

"ያን ዕለት። አቧራ ስጠርግ።"

"ሽንኩርቱስ?"

"ሽንኩርት አልነበረም።"

 ሰው ፊት እንዳላለቅስ ጎንበስ ብዬ ፍየሏን አነሣኋት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ያን ግራ ክንዱን መስኮት ላይ ያሳርፍ የነበረውን ሹፌር በጋራዡ ሁሉ ፊት ስቄበት ነበር።

ሁለታችንም በዘጠኝ ቁጥር ተመለስን። ቤት ስገባ በደንቡ መሠረት የሥራ ካርድ ሞላሁ።

ተሽከርካሪ፦ ፍየሏ። ቅሬታ፦ መሪዋ ይንቀጠቀጣል። የተቀየረ ዕቃ፦ ስምንት ዘንግ፣ ሁለት ሰርቮ፣ አንድ ሪሞት፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ካቻቪቴ፣ ሦስት ብዕር። ምርመራ፦ ሹፌር ተቀይሮ ተፈተሸ። ውጤት፦ ተሽከርካሪዋ ድሮም ጤነኛ ናት።

ፊርማው ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። እንደተበላሸ ተውኩት።

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

ከባለቤቴ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጣትዎን አፍንጫዎ ላይ፣ አሁን የእኔ ጣት ላይ አለኝ። ክብ እንድስል ወረቀት ሰጠኝ። የሳልኩት ክብ እንኳን ለጎማ ለድንችም አይሆንም።

"ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ሁለት ወር" አልኩ።

"ሁለት ዓመት" አለች ሲስተር።

በመድኃኒት ይቀንሳል፣ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል አለኝ። ሌላም ምርመራ አለ። ለጊዜው መኪና አይንዱ አለ። "ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?" ስለው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እኛም መሥሪያ ቤት ለጊዜው የምንለው ነገር ነበረን፤ ለጊዜው ተብለው የቆሙ አውቶቡሶች ላይ ሣር በቅሏል። አልጨቀጨቅሁትም።

ከሐኪሙ ስንወጣ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ የሸቀጥ ዝርዝር እንደሚከተት።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ረዳቴ ዘንድ ደወልኩ። የዘጠኝ ቁጥሩ ብሎን የእኔ ነው አልኩት። ማስጠንቀቂያውም እንዲነሣልህ ለሥራ አስኪያጁ እጽፋለሁ አልኩት።

 "እናውቃለን አለቃ" አለኝ።

"እነማን ናችሁ የምታውቁት?"

"ሁላችንም። እርስዎ ከሠሩ በኋላ እየዞርኩ ደግሜ አጠብቅ ነበር። ያን ቀን እናቴን ሐኪም ቤት ወስጄ ስለነበር ነው ያመለጠኝ። ለዚያ ነው የፈረምኩት።"

 ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አውቶቡሶች በእኔ እጅ ብቻ አላለፉም። "ለምን አልነገርከኝም?" ስለው "ማን ደፍሮ?" አለኝ። ይህ ከማስጠንቀቂያው ይበልጣል። ደብዳቤውን ባለቤቴ ጻፈችልኝ፣ እኔ እየነገርኳት። አምስት ቦታ አረመችው፤ አሳጠረችውም።

ጠረጴዛው ሥር የነበረውን ካርቶን ሁሉ አወጣሁ። ጠረጴዛው አያነክስም።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ባለቤቴ የፒክአፗን መብራት ራሷ አስጠገነች፤ ዛሬ ጠዋት ሞተር አስነሥታ ጡሩምባ ነፋች። በተሳፋሪ ወንበር ተቀመጥኩ። ይህች መኪና በዚህ በኩል ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር። ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ጨበጥኳት፤ ላስቲኳ በጣቶች ቅርጽ ጎድጉዷል፣ የእሷ ጣቶች ናቸው።

ማርሹን አንጓጓችው። አፌን ያዝኩ። አደባባዩ ላይ ቀድማ መግባት ሲገባት ቆመች። አፌን ያዝኩ። ቀኝ እግሬ በባዶ ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጥ አየችውና ሣቀች። እስከ መብራቱ ድረስ አሥራ አንድ ስህተት ቆጠርኩ፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ከባድ ነበሩ። መብራቱ ሲያቆመን እጄ ጉልበቴ ላይ ትዘል ነበር። ልሸሽጋት አሰብኩና ተውኳት። እሷም ከማርሹ ላይ እጇን አንሥታ ደረበችበት።

"እሺ አለቃ፣ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ቀጥ ብላ ትሄዳለች" አልኩ።

ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ይህ ቀላል እንዳልነበር በካርዱ ላይ ይመዝገብልኝ።